አጎበሩ ጫት ላይ ታየ፤ ከዚያስ?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። እኔ ዘንድ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ደረሰ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ላኩልኝ፤ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ላከችልኝ፤ በመጨረሻ ጅማ መርካቶ ቡና የሚነግደው ጎረቤቴ «ይህ ነገር አንተን ሳይመለከት አይቀርም» ብሎ ላከልኝ። ልክ ነው፣ ይመለከተኛል። በጅማ ዞን ወረዳዎች በሚካሄድ የአጎበር ስርጭት የክትትልና ግምገማውን ሥራ የምመራው እኔ ነኝ። ስለዚህ አንባቢ ከወዲሁ ይወቀው፤ የምጽፈው ደመወዝ ስለማገኝበት ጉዳይ ነው። ክርክሬንም ይህን እያሰበ ይመዝነው።

ጽሑፉ የስድብ ጽሑፍ አይደለም። ጸሐፊው ለገበሬው የተቆረቆረ፣ ያየውንም በጥሩ አማርኛ ያስቀመጠ ሰው ነው። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ የሚታደለው አጎበር ለመኝታ አይውልም፤ ጫት ይሸፈንበታል፣ ቡና ይሰጣበታል፣ ዓሣ ይጠመድበታል። ለዚህም ማስረጃው በአንድ የገበያ ቀን ያነሳው ፎቶ ነው። ሁለተኛ፣ ይህ የሆነው አጎበሩ በነጻ ስለሚሰጥ ነው፤ ሰው ያልከፈለበትን አያከብርም። ሦስተኛ፣ ይህን ሁሉ አጎበር አድለን ወባ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ስለዚህ አጎበር አይሠራም። አራተኛ፣ የስርጭት ሪፖርቶች ውሸት ናቸው፤ ሽፋኑ ከመቶ በመቶ በላይ «የደረሰ» ቀበሌ ሁሉ አለ። አምስተኛ፣ «ክትትልና ግምገማ» የሚባለው ነገር መኪናና አበል የሚበላ የወረቀት ሥራ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ተጨማሪ አጎበር ይገዛበት።

ከአምስቱ አንዱን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ ከአንዳንዶቹም ግማሽ ግማሹን። የማልቀበለው ከእነዚህ ተነስቶ የደረሰበትን ድምዳሜ ነው።

ከፎቶው ልጀምር፤ ጽሑፉን እንዲህ ያዘዋወረው ፎቶው ነውና። ጠጋ ብላችሁ እዩት። በጫቱ እስር ላይ የተጣለው አጎበር ጠርዙ ተበጣጥሷል፣ ቀለሙ ጭስ ጠጥቶ የሻይ መልክ ይዟል፣ በአንድ በኩል በነጭ ክር ተሰፍቷል። ይህ አጎበር ከመጋዘን ወጥቶ በቀጥታ ገበያ የሄደ አይደለም። ሰው ለዓመታት ተኝቶበታል፤ ሲቀደድ ሰፍቶታል፤ መስፋት ሲያቅተው ለሌላ አውሎታል። እኔ እንደዚያ ያለ አጎበር ሳይ ደስ ይለኛል ብል ጸሐፊው ይስቅ ይሆናል፤ ግን የተጠቀመ ቤተሰብ ምልክት ነው። አሮጌ ነጠላ ማሰሮ መያዣ ቢሆን ነጠላውን ማንም አልለበሰውም አንልም።

በሁለተኛው ፎቶ ላይ ያለው ደግሞ ጭራሽ አጎበር አይደለም። ጎማ ወረዳ፣ አጋሮ አካባቢ ያደገ ሰው በአንድ እይታ ይለየዋል። ቡና ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት አልጋ ላይ የሚሰጣበት መረብ ነው፤ በሱቅ በሜትር ይሸጣል፣ ክሩ ወፍራም ነው፣ ቀዳዳውም ትንኝ ብቻ ሳይሆን ንብ ያሳልፋል። ጸሐፊው መረብ የሆነውን ሁሉ አጎበር ብሎታል።

ይህን ስል ያለአግባብ የሚውል አዲስ አጎበር የለም ማለቴ አይደለም። አለ። እኔ ራሴ በአንድ የገበያ ቀን ከነፕላስቲኩ ለሽያጭ የተዘረጋ አይቻለሁ፤ ሻጩ ልጅ ዋጋ ስጠይቀው ፊቴን አይቶ «ጋሼ፣ የራሴ ነው» አለኝ። ስለዚህ ጥያቄው አለ ወይስ የለም አይደለም፤ ስንት ነው የሚለው ነው። ገበያ ቆሞ የተነሳ ፎቶ ለዚህ መልስ ሊሆን አይችልም፤ ገበያ የሚወጣው ከቤት የወጣው ብቻ ነዋ። በሌሊት መኝታ ላይ ተዘርግቶ የሚያድረውን አጎበር ማንም ፎቶ አንስቶ አያዘዋውረውም። እሱን ለመቁጠር ሰው ቤት መግባት ያስፈልጋል።

ሰው ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ከርሳ ወረዳ፣ ከዋናው መንገድ አርባ ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ጎጥ ነው። ሰባት ሰው የሚኖርበት ቤት፣ ሦስት አጎበር የተመዘገበለት። መጠይቁ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እኔ ከመረጃ ሰብሳቢዋ ኋላ ቆሜ እሰማለሁ። «አጎበር ትጠቀማላችሁ?» ብለን አንጠይቅም፤ እንዲያ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል፤ እንግዳን ማስከፋት ነውር ነው። መጀመሪያ የመኝታ ቦታዎቹን እንቆጥራለን፤ መደቡን፣ አልጋውን፣ ልጆቹ የሚተኙበትን ሰሌን። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ላይ ትናንት ማታ ማን እንደተኛ በስም እንጠይቃለን። በመጨረሻ ከላዩ የተሰቀለውን አጎበር እናያለን። የቤቱ እናት፣ ፀጉራቸው የሸበተ አሮጊት፣ ሦስቱም ሌሊቱን ሰው አድሮባቸዋል አሉን። መረጃ ሰብሳቢዋ ቀና ብላ አየች። አንዱ አጎበር የፋብሪካ እጥፋቱ እንዳለ ነው፤ እንደተተኮሰ ጨርቅ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ መስመሩ ይታያል። በጎኑ ያለው አናቱ በምድጃ ጭስ ጠቁሯል፤ የታችኛው ጠርዙ ከሰሌኑ ስር ተወትፎ የሕፃን እግር ጭቃ ይዟል። «እማማ፣ ይህኛው ላይም ሰው አድሯል?» ስትላቸው አሮጊቷ ሳቁ። «እናንተ ትመጣላችሁ ሲሉን ነው የሰቀልነው» አሉ። አሮጌው ገና ሳይቀደድ አዲሱን ለምን እናስረጀው ነው ነገሩ።

ይህ ቤት በሪፖርት ላይ ምን ይባላል? ሦስት ደረሰው፣ ሁለት ተጠቀመ። ጸሐፊው ቢያገኘው «አንድ ሦስተኛው ባከነ» ይላል። እኔ ደግሞ አሮጊቷ ከብዙ መጋዘን ኃላፊዎች የተሻለ የንብረት አያያዝ አላቸው እላለሁ። አዲሱን ያስቀመጡት አሮጌው ሲያልቅ ለማውጣት ነው።

እዚህ ላይ በሥራችን ውስጥ በየቀኑ የሚነሱ፣ በጽሑፉ ግን እንደ አንድ ነገር የተቆጠሩ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አጎበር ያለው ቤት፣ አጎበር የሚበቃው ሰው፣ አጎበር ስር ያደረ ሰው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 (ከዚህ በታችም «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተደረገው ብሔራዊ የወባ አመልካቾች ጥናት ወባማ በሆኑ አካባቢዎች ካሉ ቤተሰቦች 64 ከመቶው ቢያንስ አንድ አጎበር እንዳላቸው፣ በቀደመው ሌሊት አጎበር ስር ያደሩት ሰዎች ግን 40 ከመቶ እንደሆኑ አሳይቷል። ላይ ላዩን ሲታይ ሰው አጎበሩን ይዞ አልተኛበትም ያሰኛል። ነገር ግን «ቢያንስ አንድ» ያለው ቤት ስድስት ሰው ሊኖርበት ይችላል፤ አንድ አጎበር ደግሞ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። አራቱ ውጭ ያደሩት እምቢ ብለው አይደለም፤ ስላልበቃቸው ነው። ስለዚህ ያደሩትን ሰዎች ቁጥር ከቤቶቹ ጋር ሳይሆን ያለው አጎበር ሊበቃቸው ከሚችሉ ሰዎች ጋር ነው የምናነጻጽረው። ያን ስናደርግ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከገበሬው ወደ እኛ፣ ወደ አዳዮቹ ይዞራል። የዓለም ጤና ድርጅት አጎበር ሲገዛ የሕዝቡ ቁጥር ለሁለት ሳይሆን ለ1.8 ይካፈል የሚለውም ለዚሁ ነው፤ አምስት ሰው ያለበት ቤት ሁለት ተኩል አጎበር መውሰድ ስለማይችል።

በነጻ ስለመሰጠቱ ብዙ አልልም፤ ይህ ጥያቄ ተጠንቶ መልስ ያገኘ ነው። ጄሲካ ኮኸን እና ፓስካሊን ዱፓ የተባሉ ተመራማሪዎች በኬንያ የእርግዝና ክትትል ክሊኒኮች ውስጥ አጎበርን ለአንዳንዶቹ በነጻ፣ ለሌሎቹ በተለያየ ዋጋ አቅርበው ውጤቱን በ2010 አሳትመዋል። ዋጋው ከዜሮ ወደ 60 የአሜሪካ ሳንቲም ከፍ ሲል የወሰዱት ሴቶች ድርሻ በ60 መቶኛ ነጥብ ወረደ። ከፍለው የወሰዱትም በነጻ ከወሰዱት የበለጠ አልተጠቀሙበትም። ጸሐፊው ልጆቹን በነጻ ሳያስከትብ አልቀረም፤ ስላልከፈለበት ክትባቱን አልናቀውም።

ሦስተኛው ነጥብ ግን ከባድ ነው፤ በአንድ አንቀጽ የሚታለፍም አይደለም። ወባ ጨምሯል። ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት እንደተመዘገበ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል፤ ከሕሙማኑ ትልቁ ድርሻ የኦሮሚያ ነው። ይህን መካድ አይቻልም፤ በዚያ መኸር በየጤና ጣቢያው ደጅ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በፀሐይ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይተናል።

ታዲያ አጎበር ታድሏል፣ ወባም ጨምሯል፤ ስለዚህ አጎበር አይሠራም ይባላል? ዝናብ በበዛበት ወር ጃንጥላ የያዘ ሰው ይበዛል፤ ጃንጥላው ዝናብ አመጣ አንልም፣ ከዝናብ አያድንም ብለንም አንጥለውም። ማየት ያለብን በአንድ ዝናብ ውስጥ ጃንጥላ የያዘውንና ያልያዘውን ነው። እንዲህ ያለው ንጽጽር ደግሞ በአንዳንድ አካባቢ ሳይሆን በብዙ አገሮች፣ መንደሮችን በዕጣ በመለየት ተሠርቷል። የእነዚያ ሙከራዎች ድምር፣ አጎበር የሕፃናትን ሞት በ17 ከመቶ ገደማ፣ ፋልሲፓረም በሚባለው አደገኛ የወባ ዓይነት የመታመምን ድግግሞሽ ደግሞ ወደ ግማሽ እንደሚቀንስ ያሳያል። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ከ2000 ወዲህ በአፍሪካ 663 ሚሊዮን ሕመም መቅረቱን ገምቶ፣ ከዚህ 68 ከመቶውን የአጎበር ውጤት አድርጎታል።

ወባ ለምን ጨመረ ለሚለው አንድ መልስ የለም፤ ብዙ ናቸው። የጦርነቱና የመፈናቀሉ ነገር አለ። የአየር ንብረት መዛባት አለ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው እንግዳ ትንኝ አለ፤ እንደ ነባሩ ትንኝ ረግረግ አይጠብቅም፣ በከተማ ሮቶና በርሜል ውስጥ ይራባል፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ያደረሰውን የወባ ወረርሽኝ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። አንዳንድ የፋልሲፓረም ጥገኛ ተሕዋስያን በፈጣን መመርመሪያው የሚለየውን ፕሮቲን ማምረት አቁመው ከምርመራ ያመልጣሉ፤ ያልታወቀ ሕመምተኛም ለጎረቤቱ ምንጭ ሆኖ ይቀጥላል።

ደግሞም ጸሐፊው ጭራሹን ያላነሳው ቫይቫክስ የሚባል ሌላ የወባ ዓይነት አለ። በአገራችን ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያሳምመው ይኸው ነው። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል፤ ያኔ አዲስ ትንኝ አያስፈልገውም። ባለፈው ዓመት የተነደፈ ሰው ዘንድሮ አዲስ አጎበር ስር እየተኛ ሊታመም ይችላል፤ በጤና ጣቢያው መዝገብም «አጎበር ያለው፣ ወባ የያዘው» ሆኖ ይጻፋል። ይህን ያልለየ ሰው መዝገቡን አንብቦ አጎበሩን ቢኮንን አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ሳይለይ ሲያሳትም ነው።

በጅማ ዙሪያ ሌላም ነገር አለ። በኦሞ ናዳ፣ በሰኮሩ፣ በጢሮ አፈታና በከርሳ መካከል የግልገል ግቤ ሐይቅ ተኝቷል። በ2009 የታተመ ጥናት ከሐይቁ በሦስት ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖሩ ልጆች ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ጸሐፊው ሁለት ቀበሌዎችን አነጻጽሮ «እኩል አጎበር ደረሳቸው፤ አንደኛው ግን በወባ አለቀ» ይላል። የቀበሌዎቹን ስም አልጻፈም፤ ካቀረበው አገላለጽ እንደገባኝ ግን አንደኛው ውኃው ዳር ነው፣ ሌላው ደጋ የሚቃረብ ኮረብታ ላይ። እነዚህን ማነጻጸር ውኃ ዳር የበቀለን ቄጠማ ከተራራ ግራር ጋር ማወዳደር ነው።

አንድ ነገር ግን ከጸሐፊው የበለጠ እኔ ልበል፤ እሱ ስላላወቀው አልጻፈውም እንጂ ለክርክሩ ይጠቅመው ነበር። በአካባቢያችን ያለው ዋናው የወባ አስተላላፊ ትንኝ አኖፊለስ አራቢየንሲስ፣ አጎበር የሚነከርበትን ፒሬትሮይድ የተባለ ትንኝ ገዳይ መድኃኒት መልመዱ በዚሁ በግልገል ግቤ ዙሪያ በተደረጉ ጥናቶች ከተረጋገጠ ዓመታት አልፈዋል። ትንኟ ከብትም ሰውም ትነክሳለች፣ ቤትም ውጭም ትበላለች፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ደጅ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣን ሰው አጎበር አያድነውም። ስለዚህ የዛሬ ሃያ ዓመት የታደለው ዓይነት አጎበር የዛሬ ሃያ ዓመት ያደረገውን ያህል ዛሬ አያደርግም። ያልተቀደደ ከሆነ አሁንም ግርዶሽ ነው፤ ገዳይነቱ ግን ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 2023 ላይ፣ ከፒሬትሮይድ ሌላ ክሎርፌናፒር የተጨመረበትን ባለ ሁለት መድኃኒት አጎበር ጠንከር ባለ ቃል የመከረው ለዚህ ነው።

ይህ እንዴት ታወቀ? በወረቀት ሥራ። አንድ ሰው ከሰው ቤት ያገለገለ አጎበር ቆርጦ ይወስዳል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትንኞቹን በጨርቁ ላይ ለሦስት ደቂቃ ያሳርፋል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ስንቱ እንደሞተ ይቆጥራል። ከሰማንያ በመቶ በታች ከሆነና ከአንድ ሰዓት በኋላ የወደቁትም ከ95 በመቶ ካነሱ አጎበሩ ሥራውን አቁሟል። ጸሐፊው «ይቅር» ያለው ገንዘብ የሚሄደው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ወደ ሪፖርቶቹ እንምጣ። በአብዛኛው እቀበላለሁ ያልኩት ነጥብ ይህ ነው። ከመቶ በላይ የደረሰ ቀበሌ አለ፤ በእጄም አለፈ። አንዳንዱ ውሸት አይደለም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የቀበሌ ሕዝብ ቁጥር በስሌት የተገመተ ነው። አካፋዩ ሲያንስ ውጤቱ ከመቶ ያልፋል። በቡና ለቀማ ወቅት ደግሞ ከሌላ ወረዳ የመጣው ለቃሚ አጎበር ይቀበላል፤ በስሌቱ ውስጥ ግን የለም።

አንዳንዱ ግን ንጹሕ ውሸት ነው። በአንድ ቀበሌ የእደላ መዝገብ ላይ ከስሞቹ ትይዩ የጣት አሻራ ረድፍ ነበር። ሐምራዊ ቀለም፣ አውራ ጣት። ገጹን ወደ መስኮቱ ሳስጠጋ በሃያ ሦስት መስመር ላይ ያለው አንድ አሻራ መሆኑን አየሁ፤ መሐሉ ላይ የቆየ የቁስል ጠባሳ አግድም ያልፍበታል። ሃያ ሦስት አባወራዎች፣ አንድ አውራ ጣት። ቀበሌው ድረስ ሄድን። ጎጡ ከወንዙ ማዶ ነው፤ በእደላው ሳምንት ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ አዳዩ መሻገር አልቻለም፤ የተመደበለትን ጊዜ ላለማሳለፍም ፈርሞ ዘጋው። አጎበሮቹ አልተሸጡም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀው አገኘናቸው። በወረዳው ሪፖርት ግን ያ ጎጥ ሙሉ ሽፋን ነበረው። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው። ከመጋዘን የወጣበት ሞዴል 22 የተባለው የንብረት ማውጫ ቅጽ ትክክል ነው፣ መዝገቡ ትክክል ይመስላል፣ ድምሩም ይገጥማል፤ የጎደለው አጎበሩ ብቻ ነው።

የራሳችንን ወገን ነውርም ልጨምር፤ ካልሆነ ጨዋታው ሚዛን አይኖረውም። ከራሴ መረጃ ሰብሳቢዎች አንዱ የሃያ ቤት መጠይቅ አስገባ። መልሶቹ ያማሩ ናቸው። ታብሌቱ ግን እያንዳንዱ መጠይቅ የተሞላበትን ቦታና ሰዓት ይመዘግባል፤ ሃያውም ከአንድ ነጥብ ነው፣ እያንዳንዱም አራት ደቂቃ ፈጅቷል። ቦታውን ሄጄ አየሁት፤ ትልቅ ዋርካ ነው፣ ጥላውም ደስ ይላል። ልጁን አሰናበትነው፤ ቤቶቹን ሌላ ሰው እንደገና ዞረባቸው።

ጸሐፊው ከዚህ ሁሉ ተነስቶ «ሪፖርት ውሸት ስለሆነ ክትትሉ ይቅር» ይላል። እኔ የማልረዳው ይህን ነው። ውሸቱን ያገኘው ማን ነው? ሃያ ሦስቱን አሻራ ያየው የሚከታተል ሰው ነው። ሌባ ስለበዛ ዘበኛው ይባረር የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ ዘበኛው ራሱ ተኝቶ ተገኘ ቢባል እንኳ የሚቀየረው ዘበኛው ነው፣ በሩ ክፍት አይተውም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለክትትልና ግምገማ እንዲመደብ የሚመከረው ከፕሮግራሙ በጀት ከአምስት እስከ ዐሥር ከመቶ ነው። አንድ አጎበር በጥቂት ዶላር ይገዛል፤ ስለዚህ ይህ ገንዘብ ብዙ አጎበር ይገዛል፣ እውነት ነው። ግን ተጨማሪ የተገዛው አጎበር የት ይሄዳል? ያው ወንዙ ማዶ ሳይሻገር ክፍል ውስጥ ይታጨቃል፤ ያው ትንኙ የለመደው ዓይነት ይሆናል። አበል የሚባለውን በተመለከተ ግን ጸሐፊው ቁስል ነክቷል። አዳራሽ ተከራይቶ ሦስት ቀን «የግምገማ መድረክ» ማካሄድ ግምገማ አይደለም፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ቢቀር አልቃወምም።

ሌላም የምስማማበት አለ። ሦስት ዓመት ያገለግላል የተባለ አጎበር በዓመት ተኩል ይቀደዳል ይላል፤ ልክ ነው፣ ከተባለለት ቀድሞ የሚያረጅ ብዙ ነው። ቀዳዳዎቹን የምንለካው እንዲህ ነው፤ አውራ ጣት የሚያሳልፍ፣ ጭብጥ የሚያሳልፍ፣ ራስ የሚያሳልፍ፣ ከዚያም የሚበልጥ። እያንዳንዱ የራሱ ክብደት አለው፤ አንድ የአውራ ጣት ቀዳዳ 1 ሲባል ጭብጥ የሚያሳልፈው 23፣ ራስ የሚያሳልፈው 196፣ ከዚያ የሚበልጠው 576 ነው። ድምሩ ከ642 ካለፈ አጎበሩ ለመኝታ አይሆንም ይባላል። አይጥ፣ የመደብ እሾህና ጉጥ፣ የኩራዝ ፍንጣሪ፣ በየሳምንቱ በአሸዋና በጠንካራ ሳሙና መታጠብ፤ ገበሬው ቤት ያለውን ኑሮ ፋብሪካው አላሰበውም። እዚህ ላይ ጸሐፊው የገዢዎቹን ጆሮ ቢይዝ አብሬው እይዛለሁ።

ዘግይቶ ስለሚታደለውም ትክክል ነው። ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ጥር ላይ የሚታደል አጎበር ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ነው። ጥናትም እንዲሁ፤ ትንኝ በሌለበት በበጋ «ትናንት አጎበር ስር አደራችሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ በግንቦት ካፖርት ለበሳችሁ ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። እንዲህ ያለ ጊዜውን የሳተ ጥናት እኔም ፈርሜበት አውቃለሁ።

«ራሳቸው ፈታኝ፣ ራሳቸው ተፈታኝ» የሚለው የጸሐፊው ወቀሳስ? ከፊሉ ይገባናል። እኛ ካየናቸው ቤቶች የተወሰኑትን ሌላ ቡድን፣ የእኛን መልስ ሳያይ፣ በማግስቱ እንዲዞርባቸው እናደርጋለን፤ ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ የቀበሌው ጥናት ይደገማል። ቡድኑ ግን ደመወዙ ከዚያው ፕሮግራም ነው። ከውጭ የሚመጣ ገምጋሚ ይሻላል፤ ደጋግመን ጠይቀናል።

ጸሐፊው መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነክቶት ያለፈው ነገር አለ፤ «ከገበሬው የሚወስዱትን መረጃ መልሰው አያሳዩትም» ይላል። አምስት ነጥብ ዘርዝሮ ያልበረታበትን ያህል እዚህች ላይ በርትቷል። ባለፈው ኅዳር ከርሳ ወደዚያው ጎጥ ተመለስን። እኚያው አሮጊት ደጃፋቸው ላይ ቡና ያሰጣሉ። መረጃ ሰብሳቢዋ ሰላምታዋን ጨርሳ ታብሌቱን ስታወጣ እጇን ያዙና፣ «ልጄ፣ ያን ጊዜ የልጅ ልጆቼን ስም ሁሉ ጽፈሽ ሄድሽ። ምን አደረግሽው?» አሏት። ልጅቷ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥኩ፤ ከዚያ ቤት የጻፍኩት እዚያ ላይ ነበር፣ ሰባት ሰው፣ ሦስት አጎበር፣ አንዱ ያልታደረበት። አነበብኩላቸው። «እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ» አሉ።